ከሽንኩርት ልጣጭ ላይ የታየው

ዛሬ ወረታ ጤና ጣቢያ ቁስል ስጠርግ የአዮዲኑ ሽታ ወደ ሰባተኛ ክፍል መለሰኝ።

መምህራችን ስስ የሽንኩርት ልጣጭ መስታወት ላይ ዘርግተው፣ አዮዲን ጠብ አድርገውበት፣ በማይክሮስኮፕ ያሳዩን ነበር። ተራዬ ሲደርስ አባቴ ማጭዱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ታማለች፣ ሩዙም ደርሷል፤ ከትምህርት ሊያስወጣኝ ነው የመጣው።

"ትሂድ፤ ግን መጀመሪያ ትይ። እርስዎም ይዩ" አሉት መምህሩ።

አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ።

"ካብ ነው የሚመስል።"

"ሕዋስ ይባላል። መሐሉ ላይ ያለችው ነጥብ ኑክለስ ናት፤ ሥራውን የምታዘው እሷ ናት። ሕይወት ያለው ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው።"

"እናቷም?"

"እሳቸውም፣ እርስዎም፣ ሩዙም።"

አባቴ ቀና ሳይል ብዙ ቆየ። "እንግዲያ ስንታመም የሚታመመው ይኸ ነዋ!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ ቆዪ፤ ይኸን የሚያውቅ ሰው ከቤታችን ይኑር" ብሎኝ ብቻውን ወደ አጨዳው ተመለሰ።

እናቴ ለጥምቀት አልደረሰችም። እኔ ግን ከትምህርቴ አልቀረሁም።

አሁን አባቴ አርጅቷል። ማታ ከሥራ ስገባ፣ "ዛሬስ ምን አየሽ?" ይለኛል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ። እናቴን የወሰዳት ምን እንደነበር ግን እስካሁን ጠይቆኝ አያውቅም።