ለተከራካሪዬ ቀጠሮ የለመንኩበት ቀን

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ በችሎት ደጅ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ልቤ እሺ አይለኝም። ወሬ ማስረዘም እንደምወድ ታውቃላችሁና ታገሡኝ። ክብሩን እሱ ይውሰድ!

እኔ በአምባሰል ቀበሌዎች ገበሬ ሳሠለጥን ነው ያረጀሁት። ዲግሪዬንም በርቀት፣ ልጅ እያጠባሁ፣ ወጥ እያማሰልኩ ነው ያገኘሁት። በመሥሪያ ቤታችን የኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ሲሆን ከእኔ የሚቀድም የለም ብዬ ተወዳደርኩ። ቦታው ለዘሀራ ተሰጠ። ዘሀራ ከእኔ በኋላ የተቀጠረች ናት። ለምን ብል፣ «የቀበሌው ዘመንሽ ለዚህ ቦታ አግባብ ያለው የሥራ ልምድ አይደለም» ተባልኩ። እንግዲህ ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለሽርሽር ኖሯል!

ቅሬታ አቀረብኩ፤ ውድቅ ሆነ። ደሴ ድረስ ይግባኝ አልኩ። ዘሀራም ሹመቷ ስለሚነካ ጣልቃ ገብታ ተከራካሪዬ ሆነች። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን የማስታውሰው ስምል ብቻ ነበር። ዘሀራን ግን ስበላም ስተኛም አስባታለሁ፤ ሰላምታዋንም አልመልስላትም። አንድ ቀን ከችሎት ስወጣ ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ሐኪሙ ግፊቴን ለካና፣ «እናቴ፣ ምን ተሸክመሽ ነው የምትኖሪው? በዚህ ከቀጠልሽ ፍርዱን ሳትሰሚ ትቀሪያለሽ» አለኝ።

ሐይቅ ገበያ ዓሣ የምትሸጠው እህታችን እቴነሽ ልትጠይቀኝ መጣች። ጸልዪልኝ አልኳት። እጄን ይዛ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት ከዘሀራ ፍታት» አለች።

ዓይኔን ገለጥኩ። «ኧረ እቴነሽ! እኔ ወንበሩን ለምኚልኝ ነው ያልኩሽ!»

«ወንበሩንማ ዳኞቹ ያዩታል፤ አንቺን ማን ይይሽ?»

ሃሌ ሉያ! ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። እዚያው አልጋ ላይ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ክሱን አልተውኩም፤ መብት መጠየቅ ኃጢአት ነው ያለኝ የለም። ጥላቻው ግን ቀስ በቀስ ይለቀኝ ጀመር።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ወደ መናኸሪያ ስሄድ ቅሬ፣ የመንደራችን ዕድር፣ ተጠራ። የእኛ ቅሬ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም፤ ሰው ሲሞት የተጣላውም ውኃ ተሸክሞ ይደርሳል። የሞቱት የዘሀራ አባት ነበሩ። ወንድሜ ወዲያው ደወለልኝ፤ «ዛሬ በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ታዝዛለች። ከቀረች ያንቺ ብቻ ይሰማል። አፍሽን ይዘሽ ግቢ!»

ሚኒባሱ ውስጥ ከጌታ ጋር ተሟገትኩ። «ዝም ብል እኮ አልዋሸሁም» እለዋለሁ። እሱ ግን ሰላም ነሳኝ።

ችሎቱ ስሟን ሲጠራ እጄን አወጣሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባቷ ሞተውባታል። ቀጠሮ ይሰጣት።»

ዳኛው ቀና አሉ። «አቤት ባይ፣ ለማን ነው የምትለምኚው?»

«ለዘሀራ ነው።»

«ይሄንስ አይቼ አላውቅም» ብለው ፈገግ አሉና ሌላ ቀን ቀጠሩ።

ተመልሼ በጀሪካን ውኃ ይዤ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ዘሀራ አየችኝና፣ «ከደሴ ነው የመጣሽው? አለቀ በይኛ» አለች።

«አላለቀም። ቀጠሮ ለምኜልሽ መጣሁ። አብሽሪ፣ የኔ እህት።»

«ወላሂ በይ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሁለታችንም አባቷንም፣ የተኳረፍንበትንም ጊዜ አለቀስን።

ፍርዱ በኋላ መጣ። የቀበሌው ዘመኔ አግባብ ያለው ልምድ ነው ተባለ፤ ጌታ ይመስገን! ውድድሩ እንደገና ይታይ ተባለ። ታየ። የዘሀራ የኃላፊነት ልምድ አሁንም በለጠና ወንበሩ ለእሷ ጸና።

ምነው ዝም አላችሁ? አሜን በሉ እንጂ! ድሉን ጠብቃችሁ ነበር አይደል?

እኔ ድሉን አግኝቻለሁ። ሐኪሙ መድኃኒቴን ቀንሶልኛል። ጠዋት ቢሮዋ ገብቼ «እንዴት አደርሽ» ስላት ከልቤ ነው። ለዛሬው ጉባኤ ፈቃድ የሰጠችኝም ራሷ ናት፤ «ሂጂ መስክሪ፣ ለአባቴም ዱአ አድርጊ» ብላኛለች።

እዚህ መካከል ፋይል ታቅፋችሁ ቢሮ ለቢሮ የምትመላለሱ አላችሁ። ክሳችሁን ተዉ አልላችሁም፤ ጠይቁ፣ ይግባኝም በሉ። ልባችሁን ግን ለኢየሱስ ስጡት። እኔን ከነቂሜ የተቀበለ ጌታ እናንተን አይመልስም። ኑ፣ ዛሬውኑ እመኑት።