የፌስታል ጠብና የሰርጌ ሸማ

በሰፈራችን በፌስታል ያልተጣላ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ አፍ የለውም። ሊከለከል ነው የሚለው ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ክርክር፣ ወፍጮ ቤት ክርክር፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ክርክር ሆነ። አባዬ ግን ከፌስታል ጋር የተጣላው ማንም ሳያስበው፣ ከድሮ ጀምሮ ነው።

አባዬ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ደጋ በልጅነቱ መጥቶ ከሽሮ ሜዳ በታች ቁልቁለቱ ላይ ቤት ሠራ፤ እዚያው ቤት ውስጥ የሽመና ጉድጓዱን ቆፈረ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው፤ የሚረግጠው እንጨት እዚያ ታች ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ታዲያ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በራችን ላይ ያለውን ቦይ ይሞላል፣ ቦዩን ፌስታል ይወትፈዋል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ እኛ ቤት ይገባል። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ጉድጓዱ ውስጥ ነዋ! አባዬ በጣሳ እየቀዳ ሲያወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ፌስታሉን የምትሸጠው ደግሞ ከበራችን ፊት ለፊት ናት። እትዬ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን የምታሳድገው ከመርካቶ በጅምላ እያመጣች ለጉሊት ሴቶች፣ ለስጋ ቤቱ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ለምንሸጠው ለእኛም ጭምር እያከፋፈለች ነው። ነጩም፣ ባለመስመሩም፣ ጥቁሩ ኩርቱ ፌስታልም በሯ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ ይውላል። አባዬ ያን ድምፅ ሲሰማ ጥርሱን ያፋጫል።

ነገሩ የፈነዳው የዕድር ስብሰባ ላይ ነው። የተሰበሰብነው ለድንኳን ጥገና ነበር፤ አንዱ ስለ ፌስታል አነሳና በቃ፣ ድንኳኑ ተረሳ። ስጋ ሻጩ "ታዲያ ስጋውን በመዳፋቸው ላሸክማቸው?" አለ። አንዲት እናት "ድሮ በጋዜጣ አልነበር እንዴ የሚጠቀለለው?" ሲሉት፣ "እማማ፣ ጋዜጣው የት አለ? ዛሬ ሁሉም በስልክ ሆኗል። በስልክዎ ልጠቅልልልዎት?" ብሎ ሰዉን አሳቀው። ሁላችንም ዘንቢል እንያዝ ያለ ሰው ነበር፤ ሴቶቹ "አንተ ገበያ ሄደህ ታውቃለህ?" ብለው አስቀመጡት።

አባዬ ተነሳ። "ይከልከል! ዛሬውኑ ይከልከል! በየክረምቱ ውሃ የሚጠጣው የእኔ ጉድጓድ ነው!"

እትዬም ተነሳች። "ጋሼ፣ የእርስዎ ጉድጓድ በጣሳ ይቀዳል። የልጆቼን ሆድ በምን ልሙላው?"

"ሌላ ነገር ሽጪ!"

"በምን ካፒታል? እርስዎ ይሰጡኛል?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰፈሩን አቆሸሽሽው!"

እኔም አፌ አያርፍም፣ ከኋላ ሆኜ "እውነቱን ነው!" አልኩ። እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ቀረ። እኔ ጉደኛዋ ደግሞ ለደንበኞቼ ሸማ የምቋጥረው በእሷ ፌስታል ነበር፤ ኩርፊያው ሲመጣ ፌስታሉን አልተውኩም፣ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመርኩ።

በዚያ ሰሞን ጉድጓዱ ላይ የተወጠረው የእኔ የሰርግ ሸማ ነበር። ሰርጌ ለጥቅምት ነው። ድሩ ከገበያ የተገዛ ነው፤ ማጉ ግን የእናቴ ፈትል ነው። እናቴ ታማ አልጋ ላይ ሆና እንኳ እንዝርቷን አልጣለችም። "ይሄ የልጄ የሰርጓ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" ብላ ነው ያለፈችው። ያኖረችው በምን ነበር? እርጥበት እንዳያገኘው ብላ በፌስታል ቋጥራ! ይቺን ነገር ስብሰባው ላይ ትንፍሽ አላልኩም። ፈትሉ ያ ብቻ ነው፤ ሸማው ቢበላሽ ሌላ የለም። በዚያ ላይ አባዬ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ጥለቱን በጣቱ እየዳበሰ ነበር የሚሠራው። "ይቺን ልጨርስ እንጂ ከዚህ በኋላ ጥለት አልነካም" ይለኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ አንድ ልማድ አለ፤ አባዬ "ከአባቴ ነው ያየሁት" ይላል። የሰርግ ሸማ ተሠርቶ ሲያልቅ ከድሩ ላይ የሚቆርጠው ሸማኔው አይደለም፣ የሙሽራዋ እናት ናት። የእህቴን እናቴ ቆርጣዋለች። የእኔን ማን እንደሚቆርጠው አባዬም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ብቻ አክስቴ ከአርባ ምንጭ ትመጣለች ይባል ነበር።

ነሐሴ ላይ አባዬ ለዓይኑ ቀጠሮ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደ፤ እኔ ሽሮ ሜዳ ሱቄ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ጠቆረና ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ፤ ወረደ ስል ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ ማለቴ ነው። ሱቁን ለጎረቤቴ ጥዬ ቁልቁል በረርኩ። አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ዞሬም አላየሁት። የፈራሁት ጎርፉን ብቻ አይደለም። ጣሪያችን ያፈሳል፤ የቆርቆሮ ዝገት ነጭ ሸማ ላይ አንዴ ጠብ ካለ በምንም አይለቅም። "እማዬ፣ እማዬ" እያልኩ እያለቀስኩ ነው የሮጥኩት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስገባ እትዬ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማለች። ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። ሸማውን ከነድሩ ጠቅልላ፣ ኩርቱ ፌስታሎቹን እየሰነጠቀች አልብሳ፣ በገመድ ጣሪያው ማገር ላይ አንጠልጥላዋለች። ገመዱ እንዳይበጠስ ደግሞ ትከሻዋን ከስሩ አስገብታ ተሸክማዋለች። ያላትን ሸቀጥ በሙሉ ነው ያመጣችው። እሷ ራሷ ግን ብስብስ ብላለች።

"ምን ታፈጪብኛለሽ? ቦዩን ክፈቺ እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ወጥቼ እጄን እስከ ክርኔ ቦዩ ውስጥ ከተትኩ። ፌስታል፣ ፌስታል፣ አሁንም ፌስታል። ስጎትተው ውሃው ጉርር ብሎ መንገዱን ያዘ። የጎተትኩትን እንደያዝኩ ስገባ አየት አደረገችና፣ "የእኔው ናቸው፤ በመልካቸው አወቅኳቸው" አለች። ሳቅን። እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅሁት።

"በሩን በምን ከፈትሽው?"

"በትከሻዬ! መስበሬን ለአባትሽ እንዳትነግሪው።"

"እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ እኔ..."

"ዝም በይ። እናትሽ ይሄን ስትፈትል አጠገቧ የምቀመጠው እኔ አልነበርኩም እንዴ?" አለችኝ።

አባዬ ከሐኪም ቤት ሲመጣ ዝናቡ አባርቷል፤ እትዬ ግን ሸማውን ተሸክማ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ናት። ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ስላደረጉበት ምንም በቅጡ አያይም። በሩ ላይ ቆመና ጆሮውን አቀና። "ፌስታል ነው የሚንኮሻኮሸው?" አለ። ግድግዳውን እየዳበሰ መጥቶ እጁን በጥቅሉ ውስጥ አስገባ፤ ጥለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ አየው።

"ደረቅ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ዞሮ፣ "ማነው እዚያ?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

አባዬ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ወደ ድምፁ ዘረጋላት። "ነይ ውጪ፣ ልጄ። ብርድ ይመታሻል።"

ክርክሩ በዚህ አበቃ ያለ ማን ነው? ማግስቱን አባዬ "አሁንም ይከልከል ነው የምለው" አላት። እሷም "እኔም አሁንም እሸጣለሁ ነው የምለው" አለችው። ልዩነቱ አሁን የሚከራከሩት እኛ ቤት፣ ሻይ እየጠጡ መሆኑ ነው። የክልከላው ነገር እየጠነከረ ሲመጣ እሷም ከፌስታሉ ጎን የጨርቅ ቦርሳ ማንጠልጠል ጀምራለች። ጨርቁን ከእኔ ሱቅ ቁርጥራጭ ትወስዳለች፤ ይሄ ቀለሙ አያምርም እያለች ታማርጣለች ደግሞ!

ሸማው መስከረም ላይ አለቀ። አክስቴ ከአርባ ምንጭ መጥታ፣ እጇን ታጥባ ተቀምጣለች። አባዬ ምላጩን አነሳና፣ "ያቺን ሴትዮ ጥሪልኝ" አለኝ። አክስቴን ቀና ብዬ አየኋት። ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ሂጂ ጥሪያት" አለች።

እትዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። "ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አባዬ ምላጩን ሲዘረጋላት ገባትና ወደኋላ አለች። የእህቴ ሸማ ሲቆረጥ ነበረች፤ ልማዱን ታውቃለች።

"ኧረ ጋሼ፣ ይሄ የእናት ነው!"

"እናቷ ብትኖር ያን ቀን ውሃው ውስጥ የምትቆመው እሷ ነበረች" አለ አባዬ። "ቁረጪው።"

እጇን ደግማ በቀሚሷ ጠርጋ ቆረጠችው። አክስቴ እልል አለች። እትዬ ሸማውን አጠፈችና፣ ከልማድ የተነሳ፣ የምትከትበትን ፌስታል ፍለጋ ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን፤ ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው አባዬ ነው።

"በእጅሽ ስጫት" አላት።

በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ተቀበልኳትና ዝቅ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ፤ ያን ውሃው የደረሰበትን ጉልበቷን።