መብራቱ ሲቀላ

ዛሬ ጠዋት የዜና ክፍላችን አምፖል ድንገት ቀላ። ብርሃኑ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ፍም መልክ ወረደ፤ የጣሪያው ማራገቢያ አቃሰተ። ከጎኔ ያለችው ወጣት ዘጋቢ ጽሑፏን ለማስቀመጥ ወደ ቁልፉ ተወረወረች። የእኔ እጆች ግን ሳላዛቸው ከኪቦርዱ ላይ ተነሱ። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ የአሶሳ ልማድ ነው አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ገና ዘጋቢ አልሆንኩም ነበር። አሶሳ ውስጥ በአንድ ትንሽ የባህል ጽሕፈት ቤት በኮንትራት የተቀጠርኩ የኮምፒውተር ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ አንድ ጡረተኛ መምህር የለቀሟቸውን የበርታ ቋንቋ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ማስገባት ነበር። መምህሩ ራሳቸው የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛውን በኋላ ስለለመዱት ሴትንም ወንድንም "አንተ" ይሉ ነበር። ክፍላችን የማንጎ ጥላ ያረፈባት፣ እርጥብ ወረቀትና የጋለ አቧራ የምትሸት ነበረች።

በዚያ ክፍል አንድ ሕግ ነበር። መብራት ከመሄዱ በፊት አምፖሉ ይቀላል። ቀድሞ ያየው ሰው "ቀላ" ይላል፤ ሁላችንም የማስቀመጫውን ቁልፍ እንጫናለን። ፈጣኑ እኔ ነበርኩ፤ እኮራበትም ነበር። የእኔ ቁልፍ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ታስነሳለች፤ ፕሮግራሟም ቃላቱን ሁሉ በፊደል ተራ አሰልፋ ታስቀምጣለች።

አንድ ክረምት መምህሩ ከመንጌ ተመለሱ። እዚያ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ አንዲት አሮጊት ብዙ ቃላት ነግረዋቸው ነበር፤ የአሸዋ ዓይነቶችን ስም፣ ውሃው ሲደፈርስና ሲጠራ የሚባለውን። ዓይናቸው ደክሞ በደብተር መጻፍ ስለተዉ፣ ሁሉንም በቃላቸው ይዘው መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ ነገሩኝ። የመጨረሻውን እንደጻፍኩ አንድ ሰው "ቀላ" አለ። ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠፋ።

መብራቱ ሲመለስ የፋይሉ ስም በቦታው ነበር። ውስጡ አንድም ፊደል አልነበረም። በፍላሽ የያዝነው ቅጂ ከመንጌ በፊት የነበረው ነው። መምህሩ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና "የት ሄደ?" አሉኝ። በማግስቱ ከእንግዲህ ለማሽን ቃል እንደማይሰጡ ተናገሩ። ያለ እሳቸው ደግሞ ሥራው የለም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ መጣች። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ የከተማውን ኮምፒውተር ግማሹን የምትጠግነው እሷ ነበረች። ጥቂት ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"ፕሮግራሟ አዲሱን ለመጻፍ መጀመሪያ አሮጌውን ባዶ ታደርጋለች። አንተ ደግሞ መብራት ሊሄድ ሲል ጠብቀህ ባዶ አድርጊው ትላታለህ" አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ፍጥነቴ ነበር ቃላቱን የበላው።

ፕሮግራሟን በግማሽ ቀን አስተካከለቻት። ከዚህ በኋላ አሮጌውን ፋይል እንደማትነካ አስረዳችን። አዲሱን በሌላ ስም ከጎኑ ትጽፋለች። ኮምፒውተር በጊዜያዊ ማስታወሻው ብቻ ይዞ ሳለ ጽፌያለሁ የማለት ዓመል ስላለው፣ ዲስኩ በእርግጥ እስኪቀበል ትጠብቃለች። ያኔ ብቻ የአሮጌውን ስም በአንድ ምት ለአዲሱ ትሰጣለች። መምህሩ አዳመጡና አዲሱ ቤት ሳይከደን የአሮጌውን ቀርከሃ የሚያፈርስ ድሮም የለም አሉ። ቀጥለውም "እስቲ ቤቱን ነቅንቀህ አሳየኝ" አሏት።

"አብሽር፣ መምህር" አለችና ቁልፉን እንድጫን አዘዘችኝ። ተጫንኩ። ፕሮግራሟ እየጻፈች ሳለ ባለሙያዋ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

የዝናቡ ድምፅ ከቆርቆሮው ላይ ጎልቶ ተሰማ። ማሽኑን እንደገና አስነሳችው። ፋይሉ ሲከፈት ከፍላሹ የመለስናቸው ቃላት አንድ ሳይጎድል ተሰልፈው ቆመዋል። ደገመችው። ሠለሰችው። አንዴ አሮጌው፣ አንዴ አዲሱ ይመጣል፤ የመጣው ሁሉ ግን ምሉዕ ነው። "ግማሽ የለም" አለች። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ትልልቅ ነገር ሲመረቅ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ከሰዓት ጸጉሬ የቆመበት ቀን የለም። መምህሩ ስክሪኑን በጣታቸው ዳሰሱና "ልጄ፣ መብራት አንተን ይፈራል" አሏት። በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከመሄዷ በፊት አዲስ ሕግ ሰጠችን፤ ሲቀላ እጅ ይነሳ፣ የተጀመረው ይለቅ፣ አዲስ አይጀመር።

መምህሩና እኔ መንጌ ሄድን። አሮጊቷ ሳጥናችሁ ከእኔ ቀድሞ አረጀ ብለው ቀለዱብን፤ ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ መለሱልን። አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ወርቁ ከአሸዋው ሳይለይ ውሃው ላይ የምታልፈው ብልጭታ ስም ነበር። መምህሩ ፍቺውን ያስታውሳሉ፣ ቃሉን አያስታውሱም። አሮጊቷ ግንባራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ይመጣል አሉ። ጀንበር እስክትጠልቅ ጠበቅን። አሮጊቷ በቀጣዩ ክረምት አረፉ።

ፍቺውን ጻፍኩና የቃሉን ቦታ ባዶ ተውኩት። ፕሮግራሟ ስታሰልፍ ባዶ ከፊደል ሁሉ ይቀድማልና ከዝርዝሩ አናት ላይ አወጣችው። ዝርዝሩ በባዶ መጀመሩ ስህተት መስሎኝ ልሰርዘው ስል መምህሩ እጄን ያዙ።

"አታጥፋ። ቃሉ አለ። እኛ ነን ያጣነው።"

እሳቸውም አሁን የሉም። ፋይሉ ግን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ እየተሸጋገረ እስከ ዛሬ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት አለ። ስከፍተው መጀመሪያ የሚመጣው ባዶ ቦታ ነው፤ ከጎኑ "ውሃ ላይ የምታልፍ ብልጭታ" ይላል።