ጩኸት ልለምን የወረድሁ ዕለት

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ሚክላት የምንለው የቦምብ መጠለያ አለ። የጎረቤቴ ልጅ አቪና ጓደኞቹ ሜታል የሚሉትን ሙዚቃ የሚለማመዱት እዚያ ነው። ባለቤቴ ሙላው በሕይወት ሳለ፣ "ይኸ ዘፈን ነው ወይስ ጋራዥ?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ግን ጩኸታቸው ጠቀመኝ። እዚህ አገር ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ጎረቤት ያስደነግጣል። ስለዚህ እነሱ ከበሮውን ሲጀምሩ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ እንደ ጎንደሩ ደንብ ሙሾ እያወረድሁ እንደ ልቤ አለቅስ ነበር።

በቅርቡ ድንገት ለስለስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ መጫወት ጀመሩ። መደበቂያ አጣሁ። ወርጄ በሩን አንኳኳሁ።

"አቪ ልጄ፣ ምን ነካችሁ? የድሮውን ተጫወቱ እንጂ!"

"እማማ፣ ሰው ሁሉ ሼኬት፣ ዝም በሉ ይለናል፤ እርስዎ ጩኹ ይሉናል?"

"አዎ። ደግሞስ ይኸን ዜማ ከየት አመጣችሁት?"

አፍሮ አቀረቀረ። ከመታጠቢያ ቤቴ የሚወርደውን የአየር ቱቦ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ጊታሩን አንሥቶ፣ በተሰባበረ አማርኛው ቀስ ብሎ ዘፈነ፦

"ሙላዬ፣ በሩን ሳትዘጋ ወዴት ሄድህ?"