ያልታጠበው ሉህ

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች በሥዕልና በከበሮ የምናግዝበት ክፍል አለን። ዛሬ አንዲት ልጅ የከሰል ዱቄት በውሃ በጥብጣ ጠረጴዛውን በጣቷ ስትሞነጫጭር፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ ቤት ወሰደኝ።

አባቴ ቁርዓን ያስቀሩ፣ ማለትም ያስተምሩ ነበር። ደረሶቻቸው፣ ተማሪዎቹ፣ ትምህርቱን በጥላሸት ቀለም ጣውላ ሉህ ላይ ይጽፉና፣ በቃላቸው ሲይዙት አጥበው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። እህቴ ዘይነባ አትናገርም። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ጓዳ ታስገባትና ከውጭ ትቀረቅርባታለች።

አንድ ቀን አባቴ ለአስር ሶላት መስጊድ እንደሄዱ፣ ዘይነባ ታጥቦ የደረቀ ሉህ አንስታ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረች። እናቴ ስትደርስ ጣውላው ጠቁሯል።

«ያረቢ! የቁርዓን ሉህ! ውሃ አምጪ፣ አባትሽ ሳይመጡ!» አለችኝ።

ውሃውን ይዤ ስሮጥ አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ሉሁን ከዘይነባ እጅ ተቀበሉ። ዘይነባ አንገቷን ደፋች፤ የእኔ ዓይን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አለንጋ ሄደ። ሉሁ ላይ የሳለችው በር ነው፤ መቀርቀሪያው ከውጭ፣ በስንጥቁ ውስጥ ሁለት ዓይኖች።

አባቴ ሉሁን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«አይታጠብም» አሉ። «ለእኔ ነው የጻፈችው።»

ዘይነባ ፊደል አትለይም፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። መዶሻ ይዘው የጓዳውን በር መቀርቀሪያ ሊነቅሉ ሲሄዱ ግን አየሁ።

ዛሬ ክፍላችን ውስጥ፣ «ውይ፣ ጠረጴዛችሁን አበላሸችው!» አለች የልጅቱ እናት፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ።

እጇን ያዝኩት። «ቆይ እቴ፣ መጀመሪያ እንየው።»