ከብርጭቆው ሥር የተኛው

አዴ ሞሚና የልጅ ልጃቸውን ወደ ሮቤ ከተማ ጤና ጣቢያ ያመጧት በየካቲት ነበር፤ ወይስ መጋቢት ገብቶ ነበር? ነርሷ መቅዲ እርግጠኛ አይደለችም። ሁዳዴ እንደነበር ግን ታስታውሳለች።

አዴ ሞሚና ዕድሜያቸውን ሙሉ ወተት ሻጭ ናቸው። የልጅቷ ሆድ ግን የላም ወተት አልቀበል በማለቱ፣ ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ታዞላት ነበር። እግሯ ግን መጣመሙን አልተወም።

«እንዴት ነው የሚያጠጧት?» አለች መቅዲ።

«ጾመኛ ጎረቤቶቼ ሱፍ እንደሚያጠሉት ነዋ! አቆይቼ ከላይ ከላዩን። አተላውን ለዶሮ እደፋዋለሁ።»

መቅዲ ከአኩሪ አተር ወተቱ ካርቶን ብርጭቆ ውስጥ ቀድታ ጠበቀች። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተኛ። «አዴ፣ አጥንት የሚያጠነክረው ይሄ ነው።»

«ሱብሃነላህ! ዶሮዎቼ ናቸዋ የጠነከሩት!»

ተሳሳቁ። ከዚያ አዴ ሞሚና ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቅቤ እንደሚያወጡ ሁሉ ይንጡት ጀመር። ሲቀዱት ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነጭ ሆነ። ልጅቷ ጠጥታ ጨረሰችው። መቅዲ ተደነቀች፤ ለካ ሰውን የሚያቆመው ይህች ቁንጥጫ ዱቄት ናት!

ለሌላ ሰው ልጆች ወተት እየቀዱ የራስን የልጅ ልጅ መከልከል እንዴት እንደቻሉት ልትጠይቃቸው ቀና ስትል፣ አዴ ሞሚና ልጅቷን አዝለው ባጃጅ ውስጥ ገብተዋል።