የጋሼ ቃል ሲጠፋ

ሰሞኑን የቤቴን መጋረጃ አውርጄ ሳራግፍ አቧራው አፍንጫዬን ሞላውና ደክሞኝ ቁጭ አልኩ። ሽታው ኮልፌ የነበረችውን የቆርቆሮ አዳራሻችንን አመጣብኝ። አሁን ሕንፃ ተሠርቶባታል፤ ሄደህ ብትፈልጋትም አታገኛትም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የቲያትር ቡድናችን ባለቤትም ዋና ተዋናይም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ድርሰቱን ይጽፋሉ፣ እኛን ያስጠናሉ፣ ከዚያ ጺም ለጥፈው ደጃዝማች ይሆናሉ። ሌላ ቡድን እንዳይሰርቃቸው ስለሚፈሩ ሙሉውን ድርሰት ለማንም አይሰጡም፤ ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ቃል ብቻ ገልብጠው ያድሉናል። እኔ የደጃዝማቹን ልጅ ነበር የምጫወተው። መድረክ ላይ ስወጣ እንደኔ የታደለ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጋሼ ሊመርቁኝ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ቀጥ አሉ። ቃሉ ጠፋባቸው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ላባቸውን አሳየኝ፤ የጺሙ ሙጫ ሸተተኝ። ከኋላ አንዱ ማፏጨት ጀመረ። የሳቸውን ቃል ያጠና ማንም አልነበረም፤ እኔ ግን በጆሮዬ ብቻ ሸምድጄዋለሁ። እጃቸውን የምስም መስዬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ወዲያው ድምፃቸው አዳራሹን አናወጠው። ጭብጨባው አይጣል ነበር።

ሲያልቅ ጺማቸውን እየነቀሉ፣ «ማን አስጠናሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ሲሉ እየሰማሁ ነው።»

ጺሙን አስቀመጡና፣ «ከዛሬ ወዲያ ከመጋረጃው ጀርባ ሁኚልኝ። ልጄን ሆና ሌላ ሴት ትጫወታለች። እኔ ከተሰናከልኩ ቡድኑ ይበተናል» አሉ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ። ዘመኑ ተለውጦ ቡድኑ እስኪበተን ድረስ አቧራ ስውጥ፣ ቃል ሳቀብል፣ የሰው ጭብጨባ ስሰማ ኖርኩ። «ለሰው ሞት አነሰው» ያልኩበትም ቀን አለ። የሥራዬን ዋጋ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ታመው ልጠይቃቸው ቤቴል ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ጎናቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንቺን እኮ...» ብለው ቆሙ።

ቃሉን እንዳቀብላቸው፣ እንደ ድሮው አፍ አፌን ያዩኝ ጀመር። ያንን ቃል ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ እሱን ግን እኔም አላጠናሁትም ነበር።